ከጎን ያለው ሰው
ብስክሌተኛን ከከባድ ተሽከርካሪ ስለሚጠብቅ የቴክኒክ ሕግ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንበት የልደታ ሠፈር ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን መሆኑ የታወቀ ነው። ለሕግ ባለሙያ ግን ልደታ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ፍርድ ቤቱ ነው። ከመካከላችን ፋይል ታቅፎ ደረጃውን ያልወጣና ያልወረደ፣ ቀጠሮ ጠብቆ በችሎት በር ላይ ያልቆመ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። ዕድሜው የገፋ ሰው ደግሞ ልደታን በሌላ ነገር ያስታውሰዋል፤ ይኸውም በአውሮፕላን ማረፊያው ነው። የቦሌ ማረፊያ ከመከፈቱ በፊት የአየር መንገዳችን አውሮፕላኖች ይነሡና ያርፉ የነበረው በልደታ ሜዳ ነበር። አየር መንገዱ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ መደበኛ በረራውን ሲጀምር ዳኮታው የተነሣው ከዚሁ ሠፈር ነው።

ሜዳውና ችሎቱ ሁለት ዐይነት ሕግ ያሳስቡኛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ የሲቪል አቪዬሽንን ስምምነት ከፈረሙት መንግሥታት አንዷ ነበረች። በስምምነቱ 31ኛ አንቀጽ መሠረት በዓለም አቀፍ በረራ የሚሰማራ ማንኛውም አውሮፕላን ለመብረር ብቁ ስለመሆኑ ከተመዘገበበት አገር የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። ጥያቄው የሚቀርበው ሞተሩ ከመነሣቱ አስቀድሞ ነው። አብራሪው የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን አስፈላጊው መሣሪያ ያልተሟላለት አውሮፕላን ከመሬት አይነሣም። በችሎቱ የምንሠራበት የመንገድ ሕግ ግን በአመዛኙ አፉን የሚከፍተው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ሕግ የተነገረ ይመስላል።

የዛሬው ንግግሬ ዓላማ በአጭሩ ይህ ነው። በመንገዳችን ላይ ብስክሌተኛውን የሚጠብቅ ሕግ ከችሎቱ ወደ ሜዳው መሸጋገር አለበት እላለሁ። ማለትም ተሽከርካሪው ወደ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ከጎኑ ያለውን ሰው የሚያይበትና የሚጠብቅበት መሣሪያ እንዲኖረው በሕግ መገደድ አለበት። ይህን የምለው ከመጻሕፍት ብቻ ተነሥቼ አይደለም፤ በራሴ ሥራ ከገጠመኝ ጉዳይ ጭምር ነው።

አንድ ጉዳይ

ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንድ የጭነት መኪና ባለንብረት ጠበቃ ሆኜ ተከራክሬ ነበር። ሟቹ ከዳቦ ቤት ወደ ሱቆች በብስክሌት ዳቦ የሚያደርስ ወጣት ነበር። በማለዳ ከአንድ መስቀለኛ መንገድ ሲደርስ የጭነት መኪናው መብራት ይዞት ቆሟል። ወጣቱም ባዶ ሆኖ ባገኘው በቀኝ በኩል ገብቶ ከመኪናው ጎን ቆመ። መብራቱ ሲለቅ ሁለቱም ተንቀሳቀሱ፤ መኪናው ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ወጣቱ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ነበር። የኋላው ጎማ አገኘው።

ሾፌሩ በፖሊስ ዘንድም በችሎትም የሰጠው ቃል አንድ ነበር፤ «አላየሁትም» አለ። በወንጀሉ ተቀጣ። በፍትሐ ብሔሩ ክርክር የሟቹ እናት ከሳሽ ሆነው ቀረቡ። እኔም የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ቁጥር 2086 ጠቅሼ፣ ሟቹ በመኪናው ቀኝ ጎን መግባቱ የራሱ ጥፋት ስለሆነ የደንበኛዬ ኃላፊነት ሊቀነስለት ይገባል ብዬ ተከራከርኩ። ክርክሬ በከፊል ተቀባይነት አገኘና ካሣው ተቀነሰ። ደንበኛዬ አመሰገነኝ።

ከውሳኔው በኋላ ከችሎቱ ስወጣ እኒያ እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው «እስቲ ልጄ፣ አንተ ብትሆን ታየው ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት ወደ ደንበኛዬ ግቢ ሄጄ፣ ከመኪናው ካቢና ወጥቼ በሾፌሩ ወንበር ተቀመጥሁ። ረዳቱን ብስክሌት አስይዤ በቀኙ በር ሥር አቆምኩት፤ ሦስት ሠራተኞችም ከኋላው እንዲሰለፉ አደረግሁ። በመስኮቱ ተመለከትሁ፤ በስፖኪዮውም ተመለከትሁ። ከአራቱ ሰዎች አንዱንም አላየሁም። ሾፌሩ የተናገረው እውነት ነበር። እኔ የሟች ጥፋት ነው ብዬ የተከራከርሁበት ነገር ደግሞ ከመኪናው አሠራር የመጣ ጉድለት ሆኖ አገኘሁት። ይህን ጉዳይ በዚህ መድረክ የማነሣው ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ሾፌሩ የማያየው ቦታ

ነገሩን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የከባድ መኪና ካቢና ከመሬት ከፍ ያለ ነው። በአገራችን የሚነዳው በቀኝ በኩል ስለሆነ ሾፌሩ የሚቀመጠው በግራ ነው። ስለዚህ በቀኙ በር ሥርና በካቢናው ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ያለው ሥፍራ ከዐይኑ ይሰወራል። ተራው ስፖኪዮ የሚያሳየው በሩቅ ከኋላ የሚመጣውን ነው፤ ከሥሩ ያለውን አያሳይም። ብስክሌተኛው ደግሞ በትራፊክ መካከል የሚያገኘው ክፍት ሥፍራ ብዙ ጊዜ ያው የተሰወረው ቦታ ነው።

በዚህ ላይ ረጅም ተሽከርካሪ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ጎማ ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል። የፊቱ ጎማ በሰላም ያለፈውን ሰው የኋላው ያገኘዋል። ሻሲው ከፍ ያለ ስለሆነም በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ሰው ከነብስክሌቱ የሚገባበት ክፍት ሥፍራ አለ። ከመኪናው ጎን ጋር ተጋጭቶ የወደቀ ብስክሌተኛ ወደ ውጭ ቢገፋ ቆስሎ ሊተርፍ ይችላል፤ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ተስፋው የመነመነ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያመጣው በጎን በኩል የተበየደ ወይም በብሎን የታሰረ የብረት መከለያ ነው።

የአገራችን የጭነት ሥራ ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ሳያውቀው አልቀረም። ረዳት የሚባለው ሰው ዕቃ ከማሰርና ከመፍታት ሌላ የሾፌሩ ቀኝ ዐይን ነበር። በጠባብ ቦታ ወርዶ «ና፣ ና» የሚለው፣ በቀኝ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሰው አለ!» የሚለው እርሱ ነው። ዛሬ ብዙ መኪና በከተማ ውስጥ ያለ ረዳት ይነዳል። ሰዋዊው መሣሪያ ከካቢናው ሲወርድ በቦታው የተተካ ሌላ መሣሪያ የለም።

ሕዝቡም የሚፈራውን ነገር ስም ሰጥቶታል። የአዲስ አበባ ሰው ለግንባታ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሰውን ከባድ ገልባጭ «ቀይ ሽብር»፣ አነስተኛውን ፈጣን የጭነት መኪና ደግሞ «አልቃይዳ» ሲለው እየቀለደ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ስም የሚወጣው ቀልድ ብቻ ከሆነ ነገር አይደለም።

ያሉን ሕጎች

አሁን ወደ ሕጋችን እንመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ ለተጎጂው የሚያደላ ሕግ ነው። በቁጥር 2081 መሠረት የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋት አልሠራሁም ብሎ ማምለጥ አይችልም። በአዋጅ ቁጥር 559/2000 የገባውና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተተካው የሦስተኛ ወገን መድን ሥርዓትም የተጎጂው መብት በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር አድርጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ይቀጣል። እነዚህ ሁሉ የሚመሰገኑ ናቸው።

ይሁን እንጂ ሦስቱም የሚንቀሳቀሱት ከአደጋው በኋላ ነው። አንደኛው ያስከፍላል፤ ሁለተኛው ገንዘቡ እንዲገኝ ያደርጋል፤ ሦስተኛው ያስራል። የሚታሰረው ሾፌሩ ነው። ማየት በማይቻልበት ካቢና ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ከተከሳሽ ሳጥን አይደርስም። ካሣውም ቢሆን እኔ ባደረግሁት ክርክር በቁጥር 2086 በር ይሸራረፋል።

አምራቹንስ? በቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚሸጥ ሰው ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ይሆናል። ነገር ግን ያው ቁጥር ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ኃላፊነት እንደሌለ ይናገራል። የጎን መከለያ አለመኖሩ ደግሞ ማንም ቆሞ የሚያየው ነገር ነው። ስለዚህ አምራቹ የሚከራከርበት አያጣም።

እንግዲህ የጎደለው ምንድን ነው? መልሱ በራሱ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2035 ውስጥ አለ። ይህ ድንጋጌ በሕግ፣ በደንብ ወይም በመመሪያ በግልጽ የተወሰነውን የጣሰ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል። እንግዲህ አስቡት። ከባድ ተሽከርካሪ የጎን መከለያና ቀኙን ሥር የሚያሳይ መስተዋት እንዲኖረው የሚያዝ አንድ ግልጽ አንቀጽ ቢኖር ኖሮ፣ በዚያ ችሎት የእኔ ክርክር ይገለበጥ ነበር። ዳኛው «ሟቹ ለምን በቀኝ ገባ?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት «ባለንብረቱ በሕግ የታዘዘውን መሣሪያ ለምን አልገጠመም?» ብለው ይጠይቁ ነበር። አንድ የቴክኒክ አንቀጽ የክርክሩን ሸክም ከሟቹ ትከሻ ላይ አንሥቶ ከባለንብረቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያም በላይ፣ መሣሪያው ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ፋይሉም አይከፈትም ነበር።

ለዚህ አንቀጽ የሚሆን ቦታ በሕጋችን አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ እንዲመረመርና እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ቦሎ ሳይለጥፍ የሚነዳ ሰው እንደሚቀጣ የማያውቅ ባለመኪና የለም። የፍጥነት መገደቢያ መሣሪያ በተሽከርካሪዎች ላይ እንዲገጠም የሚያዝ መመሪያም በአገራችን ወጥቶ ታይቷል። ስለዚህ «መሣሪያ ግጠም» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው ከተሽከርካሪው ውጭ ላለው ሰው ብሎ ማዘዝ ነው። የደህንነት ቀበቶ የተሳፋሪውን፣ የራስ ቁር የሞተረኛውን ሕይወት ይጠብቃል። ፍሬንና መብራት ይመረመራሉ፤ ይህም ለሁሉ ይጠቅማል። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ አንድ ባለንብረት ለቦሎ ምርመራ ቀርቦ «ከጎንህ ያለውን ብስክሌተኛ በምን ታየዋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ አላጋጠመኝም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ በመጀመሪያ የጠየቁትም ብረት ነበር። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ ከባድ የጭነት መኪኖችና ተሳቢዎች የጎን መከለያ እንዲኖራቸው ደነገገ። ቀጥሎ የመጣው መስተዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው መመሪያ ለአዳዲስ ከባድ መኪኖች የዕይታውን ስፋት አሳደገ። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የተከተለው ነው። ከ2000 መጀመሪያ ወዲህ የተመዘገቡ ነባር ከባድ የጭነት መኪኖች ሳይቀሩ እስከ መጋቢት 2009 ማብቂያ ድረስ ተጨማሪ መስተዋት እንዲገጥሙ አዘዘ። ሕግ በአሮጌ መኪና ላይም ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ተሸጋግረዋል። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 151 በከባድ መኪና ጎን ብስክሌተኛ መኖሩን የሚያውቅና ሾፌሩን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ይወስናል። ደንብ ቁጥር 159 ደግሞ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ከፊቱ ሥር ያለውን እግረኛና ብስክሌተኛ ይመለከታል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2019/2144 እነዚህን መሣሪያዎች ግዴታ አደረጋቸው፤ ለአዳዲስ ሞዴሎች ከጁላይ 2022፣ ለማናቸውም አዲስ ተሽከርካሪ ከጁላይ 2024 ጀምሮ። በዚሁ ደንብ መሠረት እግረኛና ብስክሌተኛ ሲያይ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ከጁላይ 2024 ጀምሮ በአዳዲስ የአውቶሞቢል ሞዴሎች ላይ ግዴታ ሆኗል። የለንደን ከተማ ከ12 ቶን በላይ የሆኑ መኪኖችን ሾፌሩ በቀጥታ በመስኮት በሚያየው መጠን ደረጃ እየሰጠ፣ ደረጃውን ላላሟላ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ወይም ያለ ተጨማሪ መሣሪያ መግባት ከለከለ፤ በጥቅምት 2024 ደግሞ መለኪያውን አጠበቀ።

በራሱ የሚይዝ ፍሬን ያለውን ጥቅም በትንሽ ሒሳብ ላሳይ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ፣ ተረድቶ፣ እግሩን ከፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሴኮንድ ቢወስድበት፣ እነዚያ 17 ሜትሮች ያለ ፍሬን የተኬደባቸው ናቸው። መሣሪያው የሚያተርፈው ከዚህች ሴኮንድ ላይ ነው።

ድምፅ የሌላቸው መኪኖች

በዚህ መካከል በአገራችን ትልቅ ለውጥ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ መንገዶቻችንም በኤሌክትሪክ መኪኖች መሞላት ጀምረዋል። ለአየሩና ለውጭ ምንዛሪው የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። ነገር ግን ብስክሌተኛ ስፖኪዮ የለውም፤ ከኋላ የሚመጣበትን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ የሚሰማ ሞተር የለውም።

ለዚህም መፍትሔ ተበጅቶለታል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 138 መኪናው በዝግታ ሲሄድና ወደ ኋላ ሲመለስ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ይዘረዝራል። ፍጥነቱ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን የጎማው ድምፅ በራሱ ይሰማል ተብሎ ስለሚታሰብ መሣሪያው እስከዚያ ድረስ ይሠራል። በአውሮፓ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ለማናቸውም አዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ግዴታ ነው። አምራች አንዱን ሞዴል ለተለያየ ገበያ በተለያየ ዕቃ አሟልቶ እንደሚሸጥ የታወቀ ነው፤ ገዢው አገር ያልጠየቀውን ለመቀነስ አይቸገርም። እኛ የትኛው መኪና እንዳይገባ በአንድ ውሳኔ መወሰን ከቻልን፣ የሚገባው መኪና ምን ይዞ እንዲገባ መወሰን አያቅተንም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ይህን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ባካፈልሁ ጊዜ ሦስት ተቃውሞዎች ሰምቻለሁ። ሦስቱም ሊናቁ የማይገባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው «በከተማችን የሚሞተው በአመዛኙ እግረኛ ነው፤ ብስክሌተኛው ስንት ነው?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በአዲስ አበባ የመኪና አደጋ የበለጠውን የሚገድለው እግረኛውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 በሰጠው ግምት በዓለም መንገዶች ከሞቱት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ብስክሌተኞቹ ከመቶ 6 ያህል ናቸው። ነገር ግን ብስክሌተኛውን የሚያሳየው መስተዋት እግረኛዋንም ያሳያል፤ ለእርሱ የሚያዘው ፍሬን ለእርሷም ይይዛል። በሌላ በኩል ብስክሌተኛው በከተማችን ጥቂት የሆነው ስለማይፈልግ ብቻ አይደለም፤ ስለሚፈራም ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳን ያየ ሰው ኢትዮጵያዊ ብስክሌት እንደማይጠላ ያውቃል። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ አገራችንን ከወከሉት መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በተባለው ዕለት መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ሕፃናቱ በብስክሌት ሲወጡ አይተናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ እየተሠራ ነው። መንገዱ ግን ከመስቀለኛው ላይ ያበቃል፤ መኪናውና ብስክሌቱም የሚገናኙት እዚያው ነው። ቀለም የተቀባ መስመር ከባድ መኪና ሲታጠፍ አያቆመውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የወጪ ነው። አብዛኞቹ የጭነት መኪኖቻችን አሮጌ ናቸው፤ ባለንብረቱም ጎማ መግዛት ያቃተው ነው ይባላል። ለኤሌክትሮኒክሱ ይህ ትክክል ነው። ለብረቱና ለመስተዋቱ ግን አይደለም። የተሳቢና የገልባጭ ሳጥን በአገራችን ይሠራል። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ተግባረ ዕድ ብየዳ የተማረ ወጣት የጎን መከለያ ለመሥራት የሚያስፈልገው ብረት፣ መለኪያና ልኩን የሚነግረው ደንብ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያገኛል፤ ሦስተኛው የሚጠበቀው ከእኛ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ ነው። መሣሪያው በጭቃና በአቧራ ይሸፈናል፤ ሲበላሽ የሚጠግነው የለም፤ ሾፌሩ በሰው በተጨናነቀ መንገድ በየደቂቃው የሚጮኽበትን ማስጠንቀቂያ ነቅሎ ይጥለዋል ይባላል። ይህ በከፊል ይደርሳል ብዬ አምናለሁ። መልሱ ግን መሣሪያውን መተው ሳይሆን ከቀላሉ መጀመርና ምርመራውን ማጠንከር ነው። ብረት በጭቃ አይታወርም። መስተዋት በጨርቅ ይወለወላል።

ሐሳቤ

ስለዚህ በማኅበራችን ስም ተጠንቶ ለሚመለከተው አካል እንዲቀርብ የምጠይቀው በደረጃ የተከፋፈለ ደንብ ነው።

አንደኛ፣ በከተማ ውስጥ የሚሠሩ ከባድ የጭነት መኪኖች፣ ገልባጮች፣ ቦቴዎችና ተሳቢዎች በተወሰነ የጊዜ ገደብ ውስጥ የጎን መከለያ ብረትና የቀኙን ሥርና የፊቱን ሥር የሚያሳይ ተጨማሪ መስተዋት እንዲገጥሙ፣ ይህም የቦሎ ምርመራ አካል እንዲሆን።

ሁለተኛ፣ መስተዋቱና መከለያው እስኪገጠም ድረስ ከባድ መኪና በከተማ ውስጥ ያለ ረዳት እንዳይነዳ። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በነባሩ ልማዳችን ላይ የቆመ ድንጋጌ ነው።

ሦስተኛ፣ ከተወሰነ ቀን በኋላ ወደ አገር የሚገባ ማናቸውም አዲስ ከባድ ተሽከርካሪ የጎንና የፊት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ፣ አዲስ አውቶሞቢል በራሱ የሚይዝ ፍሬን፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ የድምፅ መሣሪያ ይዞ እንዲገባ፤ ይህም ሊብሬ ከመሰጠቱ በፊት እንዲረጋገጥ።

አራተኛ፣ መንግሥትና የከተማው አስተዳደር በራሳቸው ግዢ እንዲጀምሩ። የከተማ አውቶቡስና የቆሻሻ መኪና ጨረታ ሲወጣ እነዚህ መሣሪያዎች በዝርዝሩ ውስጥ ቢጻፉ አዲስ አዋጅ ሳይጠበቅ ሥራው ይጀመራል።

አምስተኛ፣ ደንቡ ሲወጣ የታዘዘውን መሣሪያ ያልገጠመ ባለንብረት በቁጥር 2086 የተጎጂውን ጥፋት መከላከያ አድርጎ እንዳያቀርብ በግልጽ እንዲከለከል። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ያቀረብሁት ያንን መከላከያ በእጄ ስለተጠቀምሁበት ነው፤ ምን ያህል ስለት እንዳለው አውቃለሁ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

በሰኔ 1956 ዓ.ም. ይህች አገር በግራ ከመንዳት በቀኝ ወደ መንዳት ተሻገረች። ሾፌር ሁሉ የለመደውን በአንድ ቀን ተወ፤ የማይቻል የመሰለው በሕግ ተቻለ። ያኔ የመንገዱ ጎን የተለወጠው በአዋጅ ከሆነ፣ ዛሬ በዚያው ቀኝ ጎን ላለው ሰው አንድ መስተዋትና ሁለት አግዳሚ ብረት ማዘዝ ሊከብደን አይገባም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሏል።

እኒያ እናት የጠየቁኝን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ይዤው ኖሬአለሁ። እኔ ብሆን አላየውም ነበር። ያንን በዚያን ቀን ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ አልነገርኋቸውም። የቀረኝ ነገር ቢኖር ከእኔ በኋላ በዚያ ካቢና የሚቀመጠው ሰው እንዲያየው ማድረግ ነው። በዚህም የሁላችሁንም እርዳታ እጠይቃለሁ።